አንድ እፍኝ ቆሎ እስኪያልቅ

ባለፈው ጥቅምት የእህቴን ልጅ ማስረጃ ለማውጣት ጎንደር ወዳለው የድሮ ትምህርት ቤቴ ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ «ትንሽ ይጠብቁ» አለችኝ። የቢሮ «ትንሽ» ምን ያህል እንደምትረዝም ስለማውቅ ግቢውን ልዙር ብዬ ወጣሁ። ከአንዱ ክፍል ደጃፍ ልጆች ተሰብስበው ሰሌዳ ያጠቁራሉ። ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ያወጡትን ጥቁር ዱቄት ከግራዋ ቅጠል ጋር ይወቅጣሉ፤ አንዷ እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሮ ሰሌዳውን ትቀባለች። ያ የግራዋ መራራ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው አፌ ላይ የሽምብራ ቆሎ ጣዕም መጣብኝ። ግራዋና ቆሎ ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘቻቸው ቲቸር የሺ ናት።

ቲቸር የሺ አምስተኛ ክፍል ያስተማረችን፣ የአይከል ልጅ፣ አጭር፣ ቁጡ፣ ድምፅዋ ከቁመቷ የሚበልጥ ሴት ነበረች። ያን ጊዜ ከኮሌጅ መውጣቷ ነበር፤ ዛሬ መልኳን ሳስታውሰው ታናሽ እህቴ ትመስለኛለች። ስለዚህ እዚህ ላይ «እሳቸው» ሳልል ባወራት ትታገሠኛለች ብዬ አምናለሁ። ፊት ለፊቷ ግን አልሞክረውም፤ እስከ ዛሬም አልሞክረውም።

ከእሷ በፊት አንድ አስተማሪ ነበረኝ፤ አያቴ። እኔ አባየ እላቸዋለሁ፣ ሰፈሩ የኔታ ይላቸዋል። አባቴ በመተማ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ስለነበር ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው፤ እኔና እማየ የምንኖረው ከአባየ ጋር ነበር። አባየ በደብሩ አጥር ጥግ፣ ከወይራው ሥር ተቀምጠው የሰፈሩን ልጆች ንባብ ያስተምራሉ። ልጁ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ያነባል፤ እሳቸው ከላይ ሆነው ያያሉ፣ ይሰማሉ። አንዲት ፊደል ከተዘለለች መቋሚያቸው መሬት ላይ ኳ ይላል። ኳ ካለ ደግሞ ምሕረት የለም፣ ከመጀመሪያው ነው።

እኔም ገና ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳልገባ ከወይራው ሥር ተቀምጬ ብዙ ጸሎት በቃሌ ይዤ ነበር። ትርጉሙን አትጠይቁኝ፤ ግእዝ ነዋ። አባየ «የመጽሐፍ ቃል የሰው አደራ ነው፤ እንደተቀበሉት ይመልሱታል እንጂ አይሸራርፉትም» ይሉ ነበር። እኔ አደራ በመመለስ የሚያህለኝ አልነበረም፤ በዚህም እኮራ ነበር፣ እንዲያውም ትንሽ እንጠባረር ነበር።

ቲቸር የሺ እንደመጣች የሚኒ ሚዲያ ክበብን ተረከበች። ሚኒ ሚዲያ ማለት ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ተማሪዎች በድምፅ ማጉያ ዜናና ምክር የሚያቀርቡበት ነው። እስከዚያ ድረስ የክበቡ ሥራ ከጋዜጣ ቀድቶ በአንድ ትንፋሽ ማንበብ ነበር። አንባቢው አይገባው፣ ሰሚው አይሰማ፣ መጨረሻ ላይ ግን ሁላችንም እናጨበጭባለን። እሷ ይህን ሳምንት ያህል ታገሠችና አንድ ቀን ከየመሥሪያ ቤቱ የለቃቀመችውን በራሪ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቆለለችው። ስለ ንብ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ድንች፣ ስለ ውኃ፣ ያልነበረ ነገር የለም።

«አንብቡ» አለችን። አነበብን።

«ዝጉት።» ዘጋን።

«ተቀመጡበት።» ተያየን። የምሯን ነበር፤ ወረቀቱን አጥፈን ከመቀመጫችን ሥር አደረግነው።

«አሁን ንገሩኝ» አለችና ከሹራቧ ኪስ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ አወጣች። «ቆሎዬ ሳያልቅ ወሬያችሁ ይለቅ። ካላለቀ ፍሬውን ትታችሁ ገለባ ስታበጥሩ ነበር ማለት ነው።»

እንግዲህ የእኛ ክፍል ሰዓት ቆሎ ሆነ። ቲቸር የሺ አንዳንድ ቀን ቁርስ ሳትበላ ስትመጣ ቶሎ ቶሎ ትቆረጥመዋለች፤ ያን ቀን ተራ የደረሰው አበሳውን ያያል።

መጀመሪያ በሰልፍ ላይ እንድናቀርብ የተመረጥነው እኔና ፎዚያ ነን። ፎዚያ አጠገቤ የምትቀመጥ፣ አባቷ አዲስ ዓለም ሰፈር ሱቅ ያለው፣ ስትናገር እጇን ወገቧ ላይ የምታደርግ ልጅ ናት። እሷ ስለ ጨው ደረሳት፣ እኔ ስለ ድንች አቀማመጥ። ፎዚያ ድምፅ ማጉያውን ይዛ «ጨው ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ። ፀሐይና ንፋስ ካገኘው አዮዲኑ ይጠፋል። አዮዲን ካጣችሁ አንገታችሁ ያብጣል። ጨርሻለሁ» አለችና ተመለሰች። ቲቸር የሺ እጅ ላይ ገና ብዙ ቆሎ ነበር፤ የተረፈውን ለፎዚያ ሰጠቻት። እኔ በሆዴ «ይችም አቀረብኩ ትላለች! ግማሹን ዋጠችው እኮ» አልኩ።

እኔማ ምን ልውጥ! እጄን አጣምሬ፣ እንደ ወይራው ሥር ወዲያና ወዲህ ወዝወዝ እያልኩ፣ ወረቀቱን ከርእሱ ጀምሬ በቃሌ አንቆረቆርኩት። «ሥዕል ሁለትን ይመልከቱ» ስል ሰልፈኛው ሁሉ ሥዕሉን ፍለጋ ዞር ዞር አለ። «ለበለጠ ማብራሪያ በአቅራቢያዎ የሚገኘውን የግብርና ባለሙያ ያነጋግሩ» አልኩ። «ይህን ጽሑፍ ያለ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው» አልኩ። ሳቁ ከፊተኛው ረድፍ ተነሥቶ እስከ ኋላ ሲሄድ የተወደድኩ መሰለኝ። የቲቸር የሺ ቆሎ ካለቀ ቆይቶ ነበር።

«አንዲት ቃል አልሳትሽም» አለችኝ ክፍል ስንገባ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ድንቹ ምን ሲሆን ነው አረንጓዴ የሚሆነው?»

መልሱ እኔ ውስጥ አለ፤ የት ጋ እንዳለ ግን አላውቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልፈልገው ብዬ «ድንች በደጋና በወይና ደጋ...» ስል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ስንዱ» አለች ቲቸር የሺ፣ ሳትስቅ። «ስልቻውን ተሸክመሽ መጣሽ፤ ፈትተሽ ግን አላየሽውም። የማያስፈልገውን ቁረጪው።»

ቁረጪው! ቤት እስክደርስ አላስችለኝ አለ። አባየ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። «አባየ፣ ቲቸር የመጽሐፍ ቃል ቁረጪ አለችኝ» ብዬ ከሰስኳት።

መቋሚያው ኳ አለ። «ምነው? ልብስ ሰፊ ናት እንዴ የምትቆርጠው? ሰው ደክሞ የጻፈውን!»

ይህን ነበር የፈለግኩት። ክሱን ለማክበድ የቆሎውንም ነገር ጨመርኩ። አባየ ግን እንዳሰብኩት ሳይሆኑ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። «በቆሎ ነው የምትለካው? እንዲያ ከሆነማ እሷም እንደኔ የቆሎ ተማሪ ናት!» አሉ። በልጅነታቸው ከጎጃም እስከ ደምቢያ ቆሎ እየለመኑ የተማሩትን ማንሣት ከጀመሩ ደግሞ የሰው ክስ አይሰሙም።

በዚያው ሰሞን በቤታችን ተአምር አየሁ።

እማየ መጻሕፍት እንዳይቆሽሹ በካኪ ወረቀት ትለብጣለች። የእኔን የትምህርት መጻሕፍትም የአባየን የጸሎት መጽሐፍም በአንድ ዓይነት ካኪ ለብጣቸው ነበር። አንድ ጠዋት አባየ «መጽሐፌን አቀብይኝ» ሲሉኝ ስቸኩል የራሴን የሳይንስ መጽሐፍ ሰጥቻቸው ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ አባየ ይጸልያሉ። ገጹን በልኩ ይገልጣሉ፣ ጣታቸው በመስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ጸሎቱ አንድም ሳይሰበር ይወርዳል። በትከሻቸው በኩል አሻግሬ አየሁ። የተገለጠው ገጽ ላይ አፏን የከፈተች ትልቅ እንቁራሪት ተሥላለች።

ለጻድቅ ሰው እንቁራሪቷም ጸሎት ትሆናለች ማለት ነው! ወደ እማየ ሮጥኩ። እማየ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። «እማየ፣ አባየ ከሳይንስ መጽሐፍ ጸሎት ያነባሉ!» ስላት እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ዓይኗ እንባ ሞላ። እሷም እንደኔ በተአምሩ የተነካች መሰለኝ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። ተአምር ሲወራ ይረክሳል ማለቷ ነው ብዬ አፌን ያዝኩ።

ተአምሩን ያፈረሰው ከወይራው ሥር የሚማር አንድ ጎረምሳ ነው። ለአባየ ውኃ ይዤ ስሄድ ያ ልጅ ስንደዶውን ፊደሉ ላይ ሳይሆን እግሩ ጣት ላይ አድርጎ በቃሉ የያዘውን ይለዋል። አጠገቡ ያሉት አፋቸውን በጋቢያቸው አፍነው ይስቃሉ። አባየ ደግሞ እግሩን ቁልቁል እያዩ «በል፣ ቀጥል» ይላሉ። ቆሜ ቀረሁ። እንቁራሪቷ፣ ሰሞኑን ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጭ የሚያፈሱት ውኃ፣ ደጁን ሲወጡ ግድግዳውን መዳሰሳቸው፣ ሁሉም ባንዴ ተሰበሰበብኝ። ከዚያ ጣሳውን ጎረምሳው ላይ ደፋሁበት።

አባየ ልጆቹን አሰናበቱ። «ምን ሲያደርጉ ነበር?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ለእሳቸው መዋሸት አልችልም ነበር።

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ዜማ ባስተምር ኖሮ ጆሮ ይበቃኝ ነበር። ንባብ ግን ዓይን ይፈልጋል። እንግዲህ ለገና ወንበሩን ለሌላ እለቃለሁ።»

ወንበር ማለት የሚቀመጡበት የእንጨት ዱካ አይደለም፤ የአስተማሪነታቸው ቦታ ነው። አባየን ያለ ወይራው፣ ያለ ልጆቹ ጫጫታ፣ ያለ ኳታው ላስባቸው ሞከርኩና አቃተኝ። ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ብቻ ሆኑብኝ።

እማየ የአባየ ዓይን ላይ ሞራ እንደወጣ፣ ከገና ጾም በፊት ሐኪሞች ሆስፒታል መጥተው በነጻ እንደሚገፍፉ ከሰማች ሰንብታለች። ትለምናቸዋለች፣ ታለቅሳለች። አባየ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ዓይኔን አላስነካም።» ለምን ብትላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ።

በዚህ መሐል ቲቸር የሺ ከጤና ጣቢያ አዲስ በራሪ ወረቀት ይዛ መጣች። ስለ ዓይን ሞራ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እግዜር በእጁ ያቀበላት መሰለኝ።

«ይህን ማንበብ ለማይችል ወይም ለማያይ ሰው ትነግራላችሁ» አለች። «ጥያቄ ሳትይዙ እንዳትመጡ። የሰማ ሰው ይጠይቃል፤ ካልጠየቀ አልሰማም።»

ያን ቀን እንደዚያ ተግቼ አላውቅም። ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት። በማግስቱ ጠዋት አባየ ፊት ቆሜ አንዲት ፊደል ሳልጥል አደረስኩላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ ስጨርስ ግንባሬን ሳሙኝ። «ሸጋ! ሸጋ ነው! አንድም አልወደቀ። የእኔ ልጅ!»

በደስታ እየዘለልኩ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እኔና ፎዚያ የሰሌዳ ተረኞች ነበርን፤ ግራዋ እየወቀጥን ሳለ ቲቸር የሺ ቆሎዋን እየቆረጠመች ወደ እኛ መጣች።

«እህ፣ ምን ጠየቁሽ?»

«ምንም። ሸጋ ነው አሉኝ።»

መቆርጠሟን አቆመች። «እንግዲያው ዘፈንሽላቸው እንጂ አልነገርሻቸውም።»

አለቀስኩ። ማርክ ይቀነስብኛል ብዬ አልነበረም። ስለ ወይራው፣ ስለ ጎረምሳው፣ ስለ እንቁራሪቷ፣ ስለ ወንበሩ፣ እማየ አትናገሪ ያለችኝን ጭምር ዘረገፍኩት። በግራዋና በባትሪ ድንጋይ በጠቆረ እጄ ዓይኔን ስጠርግ ጭራሽ አቃጠለኝና ባሰብኝ። ቲቸር የሺ ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃው ላይ አጠገቤ ቁጭ አለች። ቁጡዋ ሴትዮ ድምፅዋ እንዲህ ዝቅ ማለት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

«ስሚ ስንዱ። ወረቀቱ የተጻፈው ለአገሩ ሁሉ ነው። አንቺ ግን የምትነግሪው ለአባየ ነው። ለእሳቸው የምትሆን አንዲት መስመር እዚያ ውስጥ አለች።»

«የትኛዋ ናት?»

«እኔ ምን አውቄ! ያንቺ አያት ናቸው።»

ይሄኔ ፎዚያ ግራዋዋን ሳትተው ጣልቃ ገባች። «የኛ አባት ገዢው ዝም ብሎ ከቆመ ስለ ዕቃው አያወራም። መጀመሪያ ‹ምን አስፈራህ?› ይለዋል። ይቀደዳል ብሎ የፈራውን ሰው ስለ ቀለሙ ቢያወሩት ምን ይረባዋል?»

ቲቸር የሺ የእጇን ቆሎ በሙሉ ፎዚያ መዳፍ ላይ ገለበጠችው። በዚያን ጊዜ አልቀናሁም።

ከሰዓት በኋላ ከቤት ቆሎ ቋጥሬ ወደ ወይራው ሄድኩ። ልጆቹ ተበትነዋል። ቆሎውን አባየ መዳፍ ላይ አደረግኩና «ይችን እየቆረጠሙ ይሰሙኛል። መጀመሪያ ግን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሐኪም ቤት ምን ያስፈራዎታል?» አልኳቸው።

ልጅ ሽማግሌን ምን ትፈራለህ ብሎ አይጠይቅም። ኳታውን ጠበቅኩ። አልመጣም።

«የትክል ድንጋይ አገሩን ሰው አያ ካሴን አታውቂያቸውም» አሉ። «ዓይናቸውን ሊታከሙ ሄዱ፤ ከነአካቴው ጨለመባቸው አሉ። ሐኪሞቹ ዓይንን ከጉድጓዱ አውጥተው፣ በሳህን አጥበው ነው የሚመልሱት ይባላል። ሲመልሱት ቢስቱስ? እኔ አሁን ቢያንስ ፀሐይ መውጣቷን አያለሁ፤ አንቺም ስትመጪ ጥላሽን አያለሁ። እሷንም ባጣትስ?»

እኔም ስለ ዓይን መታጠብ ከሰፈር ሰምቼ አምን ነበር። ሳሙናው አይቆጠቁጥም ወይ ብዬ ብቻ ነበር የምጨነቀው። ወረቀቱን አወጣሁና ፈለግኩ። ከጀርባው፣ ከሥዕሎቹ ሥር፣ በደቃቅ ጽሕፈት ተገኘች። ጠዋት በቃሌ ያልኳት፣ አባየም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያሳለፏት መስመር ናት። እኔም እሳቸውም አልሰማናትም። አነበብኳት። ወረቀቱን ዘጋሁት። ተቀመጥኩበት።

«አባየ፣ ዓይንዎ ከቦታው አይወጣም» አልኩ። «አይታጠብምም። ዓይንዎ ውስጥ እንደ መስታወት ጠርታ የምትኖር ነገር አለች፣ እሷ ደፍርሳለች። ሐኪሙ የደፈረሰችውን አንሥቶ ንጹሕ ይተካል። ቦታው ይደነዝዛል እንጂ ሕመም የለውም፤ ሰዎቹ ሲያወሩ ይሰማሉ። በማግስቱ ሻሹን ይፈቱልዎታል። ጨርሻለሁ።»

መዳፋቸውን አየሁ። አንዲት ቆሎ አልቀመሱም።

«ከወይራው ሥር ንባብ የጨረሰ ልጅ ኋላ ምስጢሩን ሊፈታ ወዴት ይሄዳል?» አሉኝ።

«ትርጓሜ ቤት።»

«አዎን። ንባቡን እንደ አደራ ይቀበላል፤ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ትርጓሜ ቤት ይፈታለታል። አስተማሪሽ ቁረጪ ያለችሽ መስሎኝ ተቆጣሁ። ፍቺ ማለቷ ኖሯል።» ከዚያ አንገታቸውን ወደ ጥላዬ ዘንበል አድርገው «ከዚያ በኋላስ መስገድ ይፈቀዳል?» አሉ።

ጥያቄ! አባየ ጠየቁኝ! መልሱን ባላውቀውም ከወይራው ሥር እንደ እብድ ዘለልኩ። ወረቀቱን ገለባበጥኩት፣ ስለ ስግደት የሚል የለም።

በማግስቱ ቲቸር የሺን ስጠይቃት «አላውቅም» አለችኝ። አስተማሪ «አላውቅም» ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከሥራ የሚያባርሯት መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። እሷ ግን በእረፍት ሰዓት እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ «ለጥቂት ሳምንታት ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ማንሣት የለም፣ ዓይናቸውንም ውኃ እንዳይነካው። ከዚያ በኋላ እንደ ልባቸው ይስገዱ» አለችን።

ለአባየ አደረስኩ። ብዙ አሰቡ። «የልብ ስግደት አለ» አሉ መጨረሻ ላይ። «እግዜር እሱን ለማየት ሐኪም አያሻውም። በይ፣ ለእናትሽ ንገሪያት፤ እሄዳለሁ።» እማየ ይህን ስነግራት እልልታዋን ጎረቤት ሰምቶ ልጅ የተወለደ መስሎት መጣ።

ሻሹ የሚፈታ ቀን እኔም ሆስፒታል ነበርኩ። ነጠላና ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አንድ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ በአግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ነርሱ የአባየን ሻሽ ፈታው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ገለጡ፣ ደግሞ ጨፈኑ። እማየ መቀነቷን በእጇ ጠምዝዛ ጨርሳዋለች። አባየ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ከዚያ እማየን፣ ከዚያ እኔን አዩ። እኔን ሲያዩ ቆዩ።

«ስንዱ፣ ይህ ጉንጭሽ ላይ ያለው ጥቁር ምንድን ነው?»

የሰሌዳ ተራ ደርሶን በዋዜማው ስንቀባ ውለን ነበር፤ ያ ጥቀርሻ በአንድ እጥበት አይለቅም። «የሰሌዳ ነው፣ አባየ» አልኩና ሁላችንም ባንዴ ሳቃችንና ለቅሷችን ተቀላቀለ።

ቤት ከገባን በኋላ ደግሞ ካኪ ከለበሱት መጻሕፍት አንዱን አንሥተው ገለጡ፤ ከዚያ ጮኹ። «እናንተ! ስጸልይባት የኖርሁት በዚች እንቁራሪት ነው?» ስለ ተአምሩ ስነግራቸው በሳቅ ፈረሱ። እማየ ከጓዳ «አባየ፣ ዓይንዎን! አይሳቁ!» እያለች ትጮኻለች፤ እሳቸው አያቆሙም።

ለገና ወንበራቸውን ለማንም አልለቀቁም። እንዲያውም ወደ ወይራው ሲመለሱ ያ ጎረምሳ እንደለመደው ስንደዶውን እግሩ ጣት ላይ ቢያደርግ መቋሚያው ኳ አለ። «ምነው? ፊደሉን እግርህ ላይ ጻፉልህ?»

የወላጆች ቀን ከጥምቀት በኋላ ዋለ። ወላጆች በግቢው በተደረደረው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አባየ ጥቁር መነጽር አድርገው ከፊት ናቸው፤ ማንም ሳይነግራቸው አንድ እፍኝ ቆሎ ከቤት ይዘው መጥተዋል። ቲቸር የሺ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆማለች። ስለ ዓይን ሞራ የማቀርበው እኔ ነኝ። እጄን አላጣመርኩም፣ አልተወዛወዝኩም። ሰዉን ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ በአጭሩ፣ ለአባየ እንደነገርኳቸው ነገርኳቸው። «ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያለው?» አልኩ።

ጭብጨባ ሆነ። ወላጆች በልጅ ፊት ጥያቄ ማንሣት ያፍራሉ፤ እርስ በርስ ይተያያሉ እንጂ አንድም የሚነሣ የለም። ቲቸር የሺን አየኋት፤ እሷም ታየኛለች። ያልተጠየቀ አልተሰማም። ሕጓን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ዓይኔ እንባ ሊያቀር ሲል ከፊት ረድፍ መቋሚያ ኳ አለ።

ከመጀመሪያው ልጀምር ነው እንዴ?

አባየ ተነሡ። በመቋሚያቸው ቀጥ ብለው ቆሙና፣ ከዚያ ቀን በፊት አይተውኝ እንደማያውቁ ሰው «ጥያቄ አለኝ፣ ልጄ» አሉ። «ሐኪሞቹ ዓይኑን ከቦታው ያወጡታል?»

በዚያ ግቢ መልሱን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መልሱ ያለው ከዚያ ጥቁር መነጽር ጀርባ ነው። ስንት ሰው ባለበት የራሳቸውን ፍርሃት አውጥተው ለእኔ ሲሉ የጠየቁኝን ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ጥያቄ የሚያስነሣ ንግግር እንድናገር ያስተማረችኝን ያችን ቁጡ ሴትዮም።

«አያወጡትም» አልኩ። «ከቦታው ንቅንቅ አይልም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ አባየ።»

ከኋላ ረድፍ አንዲት እናት በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ተነሡ። ፊታቸውን ወደ ድምፄ እንጂ ወደ እኔ አላዞሩም። «እንዲያ ከሆነማ፣ የት ነው የሚሠሩት ልጄ?» አሉ። እሳቸው ሳይቀመጡ ሌላ ሰው እጁን አወጣ፤ ከዚያ ሌላ። ቲቸር የሺ ድምፅ ማጉያውን ይዛ ወደ ጠያቂዎቹ ሮጠች፤ ስትሮጥ ከሹራቧ ኪስ ቆሎ ይንጠባጠባል።

አባየ ቁጭ አሉ። መዳፋቸውን ከፈቱ፣ ቆሎው እንዳለ ነው። ከዚያ መቆርጠም ጀመሩ።